የአሳማው ዋጋ ሲወድቅ የሥጋው ዋጋ ለምን አይወድቅም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ሲሆን በአንድ ትልቅ የአሳማ ቄራ ውስጥ ከኋላ እግር አጥንት በማውጣት ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ ሥጋውን አልቀምስም፤ ልጆቼን የማሳድገው ግን በዚህ ሥራ ነው። የአካባቢያችን አርሶ አደሮች የአሳማ ዋጋ ወድቆባቸው እየከሰሩ እንደሆነ በየጊዜው እሰማለሁ። አለቆቻችንም ገበያው ተበላሽቷል እያሉ የቅዳሜውን ሥራ ያስቀሩብናል፤ አንዳንድ ሳምንት የሥራ ቀናችንንም ያሳጥራሉ። ከሥራ ወጥቼ ሱቅ ስገባ ግን የአሳማ ሥጋ ዋጋ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። አሳማው ከረከሰ ሥጋው ለምን አይረክስም? በመሃል ያለው ገንዘብስ የማን ኪስ ይገባል?

ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ አንባቢ

መልስ፦ ጠያቂያችን የአርሶ አደሩን ገቢ፣ የራስዎን የሥራ ሰዓትና የሱቁን ዋጋ በአንድ ደብዳቤ አንሥተዋል። ሦስቱ የሚገናኙትም እርስዎ በየቀኑ በሚያዩት ቦታ፣ የታረደው አሳማ በሚሰቀልበት መንጠቆ ዘንድ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ከጋጣው መነሣት አለብን፤ ምክንያቱም ዛሬ ቄራው በር ላይ የደረሰው አሳማ በዛሬ ገበያ ተወስኖ የመጣ አይደለም።

አንዲት እናት አሳማ ከተዳቀለች በኋላ እስክትወልድ 114 ቀን ገደማ ይወስዳል። ግልገሎቹ ሦስት ሳምንት ያህል ጠብተው ጡት ይጥላሉ፤ 130 ኪሎ ግራም ገደማ መዝነው ለዕርድ እስኪደርሱም ከተወለዱ ስድስት ወር ያህል ይሆናቸዋል። ስለዚህ ከማዳቀል እስከ ቄራ ያለው መንገድ አሥር ወር ነው። አርቢው እናቶቹን ለማብዛት ወስኖ ሴት ግልገሎችን ለይቶ ካሳደገ፣ አዲስ ቤትም ካሠራላቸው፣ ጊዜው ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የበቆሎ ዋጋ፣ የባንክ ወለድና የውጭ ገዢ ፍላጎት ይለዋወጣሉ፤ የተጀመረው አሳማ ግን ማደጉን አያቆምም። እንደ ጤፍ በጎተራ ተቀምጦ ደህና ዋጋ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። በየቀኑ ይበላል፣ ይከብዳል፣ ከልኩ ሲያልፍም ቄራው ከዋጋው ይቀንስበታል፤ ቦታውን የሚፈልጉ ግልገሎችም ከኋላው ተሰልፈዋል።

ከአርቢው ወጪ ውስጥ 60 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው መኖ ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ መኖ ማለት በዋናነት በቆሎና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ማለት ነው። የእናቱ ድርሻ ተጨምሮ አንድ አሳማ ለገበያ እስኪደርስ 10 ቡሼል ገደማ በቆሎ ይፈጃል፤ አንድ ቡሼል በቆሎ 25 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። የቡሼሉ ዋጋ ከ4 ዶላር ወደ 7 ዶላር ቢወጣ በእያንዳንዱ አሳማ ላይ 30 ዶላር ወጪ ተጨመረ ማለት ነው፤ በደህና ዘመን እንኳ ከአንድ አሳማ የሚገኘው ትርፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። እንዲህ ያለው ጭማሪ በእርግጥም ደርሷል። በ2005 እና በ2007 የወጡት ሕጎች ከበቆሎ የሚሠራው አልኮል፣ ኢታኖል፣ ከቤንዚን ጋር እንዲደባለቅ ካስገደዱ በኋላ ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት ሲሶ ያህሉ ወደ ኢታኖል ፋብሪካ መሄድ ጀመረ፤ በ2012 ድርቅ ሲጨመርበት ቡሼሉ ከ8 ዶላር አለፈ። ከዚያ ወዲህ አሳማ አርቢው በቆሎውን የሚሻማው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከነዳጅ ማደያውም ጋር ሆኗል።

አሁን ወደ መንጠቆው እንምጣ። አንድ ቄራ በሰዓት ሊያርድ የሚችለው የተወሰነ ነው፤ በተለመደው የፌዴራል ቁጥጥር ሥርዓት ጣሪያው በሰዓት 1,106 አሳማ ነው። ለዕርድ የደረሰው አሳማ ከአገሪቱ ቄራዎች አቅም ሲያንስ ቄራዎቹ አሳማ ፍለጋ ይሻማሉ፤ አርቢውም ጥሩ ዋጋ ያገኛል። አሳማው ከአቅማቸው ሲበልጥ ግን ተሻሚው አርቢው ይሆናል፤ ያኔ ብርቁ ነገር አሳማው መሆኑ ቀርቶ መንጠቆው ይሆናል። በመሃል ያለው ገንዘብ የት እንደሚገባ ጠይቀው ነበር፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ትልቁ ድርሻ የሚቀረው መንጠቆው ባለበት ዘንድ ነው።

የ1998 መጨረሻ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ቀደም ያሉት ዓመታት ጥሩ ዋጋ አርቢዎችን አበረታትቶ አሳማው እጅግ በዝቶ ነበር፤ በዚያው ወቅት ደግሞ ጥቂት ቄራዎች ተዘግተው ነበር። በኖቬምበርና በዲሴምበር በየሳምንቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ አሳማ ወደ ዕርድ ሲጎርፍ ቄራዎቹ መቀበል አቃታቸው፤ የመቶ ፓውንድ (45 ኪሎ ያህል) የቁም ክብደት ዋጋም ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ያንኑ መቶ ፓውንድ ለማሳደግ ከ35 ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ስድስት ወር የተቀለበ ሙሉ አሳማ ሸጦ ከ26 ዶላር በታች ይዞ ወደ ቤት የተመለሰውን ሰው አስቡት። ብዙ አነስተኛ አርቢዎች በዚያ ክረምት ከሥራው ወጥተው አልተመለሱም። በሱቆች መደርደሪያ ላይ ግን ዋጋው ያን ያህል ንቅንቅ አላለም።

ንቅንቅ ያላለበት አንዱ ምክንያት አሳማው ራሱ ከሱቁ ዋጋ ውስጥ ሩብ ያህሉን ብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው። ቀሪው የእርስዎን የመሰለ የእጅ ሥራ፣ ማቀዝቀዣ፣ ማሸጊያ፣ የጭነት መኪና፣ የሱቁ ኪራይና ትርፍ ነው፤ አሳማ ረከሰ ተብሎ ከእነዚህ አንዱም አይረክስም። ባለሱቁም ቢሆን ነገ ተመልሶ ሊወደድ የሚችልን ነገር ዛሬ ለመቀነስ አይቸኩልም። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም መልሱን እዚህ ላይ መግታት ለአርቢው ፍትሐዊ አይመስለኝም። ዛሬ ከአሜሪካ የአሳማ ዕርድ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በአራት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው አሳማ በየዕለቱ በድርድር ይሸጥ ነበር፤ አሁን በዚያ መንገድ የሚሸጠው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ቀሪው አስቀድሞ በተፈረመ ውል የሚሄድ ወይም የቄራው የራሱ አሳማ ነው፤ የብዙዎቹ ውሎች ዋጋ ደግሞ የሚተመነው ከዚያች ትንሽ የድርድር ገበያ ወይም ከሥጋው የጅምላ ዋጋ ተነሥቶ ነው። ጥቂት ሻጮች የሚነጋገሩበት ዋጋ ለሚሊዮኖች አሳማ መለኪያ ሲሆን፣ የአርቢዎቹን ጥርጣሬ እንደ ተራ ማጉረምረም መቁጠር ተገቢ አይደለም።

እርስዎ ስድስት ዓመት ከሠሩ የ2020ን ኤፕሪል ያስታውሱታል። በኮሮና ምክንያት ቄራዎች ተራ በተራ ሲዘጉ፣ በወሩ መጨረሻ የአገሪቱ የአሳማ ዕርድ ከተለመደው በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ሠራተኛው ታሞ መንጠቆው ሲቆም፣ በአንድ በኩል ገዢ ያጡ አሳማዎች በየጋጣው ተጠራቀሙ፣ በሌላ በኩል ሱቆች ሥጋ አጡ። አርቢዎች የአሳማውን ዕድገት ለማዘግየት መኖውን ቀነሱ፤ ቦታ ያጡት አሳማዎቻቸውን ገድለው ለመቅበር ተገደዱ። በዚያው ሳምንት የሱቁ ዋጋ ይወጣ ነበር። የጋጣው ዋጋና የሱቁ ዋጋ በተቃራኒ አቅጣጫ የሮጡት ሁለቱን የሚያገናኘው የእናንተ እጅ ሥራ ስላቆመ ነው። የአሳማ ሥጋ አቅርቦት ሲነሣ ስለ በቆሎ ብዙ ይወራል፤ ቢላዋ ይዞ ስለሚቆመው ሰው ግን የሚገባውን ያህል አይነገርም።

ስለ ሥራ ሰዓትዎ፦ የአሳማ ዕርድ በዓመት ውስጥ ወቅት አለው። እዚህ በጋ በሚሆንበት በጁላይና በኦገስት ሙቀት የተዳቀሉ እናቶች መፀነሳቸው ስለሚቀንስ በተከታዩ ዓመት ጁን አካባቢ ለዕርድ የሚደርሰው ይሳሳል፤ በበጋው ሙቀትም አሳማ እንደ ልቡ ስለማይበላ ቀስ ብሎ ያድጋል። አየሩ ሲቀዘቅዝና አዲሱ በቆሎ ሲገባ ደግሞ ክብደቱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ቄራው ይጨናነቃል፣ ቅዳሜም ይሠራል። በበጋ የቅዳሜው ሥራ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ እጥረት ነው። አሳማው ሞልቶና ረክሶ ሳለ ሰዓት ከተቀነሰ ግን ችግሩ ከሥጋው ገዢ በኩል እንደሆነ ይገምቱ፤ እዚህ ላይ የእርስዎ የሥራ ክፍል ከሌላው ይልቅ ይነካል። አሜሪካ ከምታመርተው የአሳማ ሥጋ ሩብ ያህሉን ወደ ውጭ ትልካለች፤ እያንዳንዱ ገዢም የሚፈልገው ክፍል የተለያየ ነው። ጃፓን ወገቡን ትወዳለች፤ ቻይና እዚህ ብዙ ሰው የማይበላውን ጆሮ፣ እግርና ሆድ ዕቃ ትገዛለች፤ ከሁሉ የምትበልጠው ገዢ ሜክሲኮ ደግሞ የኋላውን እግር በአብዛኛው ከነአጥንቱ ትወስዳለች። ከነአጥንቱ የሄደ እግር በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ አያልፍም። ቄራው አጥንት አውጪ ሠራተኛ ሲያጣ ወይም ሲወደድበት፣ ከነአጥንቱ መላክ ይቀለዋል። በ2018 ሜክሲኮ ከአሜሪካ በሚገባ የአሳማ ሥጋ ላይ እስከ 20 በመቶ ቀረጥ ስትጥል፣ ያንኑ ጊዜ ቻይናም 25 በመቶ ቀረጥ ሁለት ጊዜ ስትደራርብ፣ አገር ውስጥ የቀረው ሥጋ በርካሽ መሸጥ ነበረበት፤ ጉዳቱም ተመልሶ የደረሰው አርቢው ዘንድ ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአሳማ ቆጠራውን በዓመት አራት ጊዜ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር መጨረሻ ያወጣል። እዚያ ውስጥ አርቢዎች በቀጣዮቹ ወራት ምን ያህል እናቶች ለማስወለድ እንዳሰቡ የሚገልጸውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚኖረውን ሥራዎን በግምት ያሳይዎታል። ከዚያ ውጭ ያለውን፣ ማለትም ኩባንያው የትኛውን አሮጌ ቄራ እንደሚዘጋ፣ ቆጠራው አይነግርም። በ2024 አዮዋ ውስጥ ፔሪ በምትባል ትንሽ ከተማ 1,300 ያህል ሠራተኛ የነበረው የአሳማ ቄራ ተዘግቷል፤ አዮዋ ግን ያን ጊዜም ከአገሪቱ አሳማ ሲሶ ያህሉ የሚገኝባት ግዛት ነበረች። ስለዚህ አሳማ በደጃችን ሞልቷል ብሎ ሙሉ በሙሉ መተማመን አይቻልም፤ ዕድሉ ካለ በሌላ መስመርም መሥራት መልመድን እመክርዎታለሁ።

ጥያቄ፦ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ስለ ዋጋና አቅርቦት ሲያስተምሩ “የአሳማ ዑደት” የሚባል ነገር ጠቅሰው አለፉ። ዛሬም አለ? ወይስ በትልልቅ እርሻዎች ዘመን ቀርቷል?

መልስ፦ ነገሩን በቅርብ ያውቁታል፤ መቂና ዝዋይ አካባቢ በሽንኩርት የሚሆነው ነው። ሽንኩርት በተወደደበት ማግስት ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል፤ ምርቱ በአንድ ጊዜ ወደ አትክልት ተራ ሲገባ ዋጋው ይወድቃል፤ የከሰረው ሁሉ ሲተወው ደግሞ መልሶ ይወደዳል። ጀርመናዊው ኢኮኖሚስት አርቱር ሃናው በ1920ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ በአሳማ ዋጋ ላይ በቁጥር አሳየ፤ በ1938 ደግሞ አሜሪካዊው ሞርዲካይ ኢዚኪኤል ሐሳቡን በሥርዓት አብራራው። በአሜሪካ አንዱ ዙር በተለምዶ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅ ነበር።

በአሳማ ላይ ግን ከሽንኩርቱ የከፋ ጠባይ አለ። ዋጋ ሲወድቅ አርቢው እናቶቹን ለዕርድ ስለሚሸጥ፣ ሥጋ መቀነስ በሚገባው ጊዜ ለጊዜው ይበዛል፤ ዋጋውም ይበልጥ ይወርዳል። ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ሴት ግልገሎቹን ለእናትነት ስለሚያስቀር፣ ሥጋው ከመብዛቱ በፊት ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይበልጥ ይንራል። ይህን ያላየ ሰው ገበያው በዋጋ ምልክት ወዲያው ይስተካከላል ብሎ ይሳሳታል።

ዛሬ ዑደቱ አልጠፋም፤ መልኩን ግን ለውጧል። በ1980 በአሜሪካ ከ600,000 በላይ አሳማ አርቢዎች ነበሩ፤ በ2022 የግብርና ቆጠራ የተገኙት 60,000 ገደማ ብቻ ናቸው። የድሮው አርቢ በቆሎም ላምም ስለነበረው አሳማ ሲረክስ ጋጣውን ባዶ አድርጎ በቆሎውን ይሸጥ ነበር። የዛሬው አርቢ አብዛኛውን ጊዜ በውል የሚያሳድግ ነው፤ አሳማውና መኖው የኩባንያው፣ ቤቱና የባንክ ዕዳው የእሱ ነው። ዕዳው ከአሥር ዓመት በላይ የሚከፈል ስለሆነ ጋጣው ባዶ እንዲቀር አይፈልግም፤ ኩባንያውም ለቦታው ክፍያ የገባበት ውል አለው። ስለዚህ ዋጋ ሲወድቅ አቅርቦቱ እንደ ድሮው ቶሎ አይሸሽም፤ ኪሳራው ይረዝማል። በ2023 አርቢዎች ለብዙ ወራት በኪሳራ ሲሸጡ የአሳማው ቁጥር ያን ያህል ያልቀነሰው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት የእናቶቹ ምርታማነት ነው፤ በ2000 አንዲት እናት በአንድ ወሊድ በአማካይ ዘጠኝ የማይሞሉ ግልገሎች ታሳድግ ነበር፤ አሁን ከአሥራ አንድ በላይ ታሳድጋለች። የእናቶች ቁጥር ቢቀንስ እንኳ የሥጋው መጠን ይጨምራል።

የበሽታውን ጉዳይ አይዝለሉት። በ2013 ግልገሎችን በተቅማጥ የሚገድል ቫይረስ ወደ አሜሪካ ገብቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ሚሊዮኖችን ፈጀ፤ በ2014 ዋጋው እስከዚያ ድረስ ታይቶ ወደማያውቅ ደረጃ ወጣ። ለኢኮኖሚክስ ተማሪ አስገራሚው ነገር፣ ቫይረሱ ያልደረሰባቸው አርቢዎች በዚያ ዓመት ከፍተኛ ትርፍ ማግኘታቸው ነው። ሰው ሥጋ ሲወደድ ፍጆታውን የሚቀንሰው በጥቂቱ ስለሆነ፣ አቅርቦቱ ትንሽ ሲጎድል ዋጋው በብዙ ይዘልላል። በቻይና ይኸው በአገር መጠን ታይቷል። በኦገስት 2018 የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው ገዳይ የአሳማ በሽታ ከተገኘ በኋላ የአሳማ ሥጋ ምርቷ በ2018 ከነበረበት 54 ሚሊዮን ቶን በ2019 ወደ 42.5 ሚሊዮን ቶን ወረደ። ዋጋ ሲንር መንግሥት ብድርና መሬት አቀረበ፤ ኩባንያዎች ባለ ብዙ ፎቅ የአሳማ ሕንጻዎች ሠሩ፤ በ2021 ምርቱ ወደ 53 ሚሊዮን ቶን ተመለሰ፤ ዋጋውም ወደቀ። በ2024 መንግሥት ራሱ የእናት አሳማዎችን የታቀደ ቁጥር ከ41 ሚሊዮን ወደ 39 ሚሊዮን ዝቅ አድርጓል። ሃናው ያየው ዑደት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት የዕቃ ግዢ እሠራለሁ። ከ2024 ወዲህ የአሳማ ወገብና ቤከን ኔቫዳ ያለው ወንድሜ ከሚገዛበት ይበልጥ ተወድዶብኛል፤ ቋሊማው ላይ ግን ያን ያህል ልዩነት የለም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ምክንያቱ የካሊፎርኒያ መራጮች በ2018 ያጸደቁት ሕግ ነው። በግዛቲቱ የሚሸጥ ሥጋ ለእያንዳንዷ እናት አሳማ ቢያንስ 24 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ሁለት ካሬ ሜትር ከሩብ ያህል ቦታ ከተሰጣት እርሻ እንዲመጣ ያዝዛል። አርቢዎች ተከራክረውበት በሜይ 2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮም ሙሉ በሙሉ ይሠራበታል። ካሊፎርኒያ ብዙ ትበላለች፣ አሳማ ግን የላትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቤታቸውን እንደገና መሥራት ያለባቸው አዮዋና ሚኒሶታ ያሉ አርቢዎች ናቸው። በአንድ ቤት የሚይዟቸው እናቶች ይቀንሳሉ፣ የግንባታ ዕዳው ይጨምራል፤ ቄራውም ይህን ሥጋ ከሌላው ለይቶ ማረድ፣ ማሸግና ማከማቸት አለበት። የዋጋ ጭማሪው ዕዳውን እንደሚሸፍን ያልተማመነ አርቢ ስለማይለውጥ ሕጉን የሚያሟላው ሥጋ ከፍላጎቱ አንጻር ጠባብ ሆኖ ይቆያል።

ሕጉ የሚመለከተው ያልበሰለ ሙሉ የሥጋ ክፍልን ነው፤ ወገብ፣ ጎድንና ቤከን ይገቡበታል። የተፈጨ ሥጋ፣ ቋሊማና የበሰለ ካም ግን አይገቡም፤ እነዚህ ከማንኛውም እርሻ ሊመጡ ስለሚችሉ ዋጋቸው ከኔቫዳው ጋር ይቀራረባል። የምግብ ዝርዝሩን የማሻሻል ሥልጣን ካለዎት፣ የልዩነቱ ሸክም የሚቀልለው በእነዚህ በኩል ነው።